የክፍት ጎማ መኪና በሲሙሌተር ጌም፦ አነዳዱ ምን ያህል እውነት ነው?

ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እሑድ ፎርሙላ 1ን በቴሌቪዥን ተከታትለው ማታ መሪ ከጠረጴዛ ላይ የሚያስሩ ሰዎች ዘወትር የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ጥያቄዎቹ ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ያርፋሉ፦ ስክሪኑ ላይ ያለው መኪና እንደ እውነተኛው ነው ወይ የሚነዳው? ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

“ክፍት ጎማ” የሚባለው የትኛው መኪና ነው?

አራቱም ጎማዎቹ ያለ ፓራፋንጎ ከአካሉ ውጭ የሚታዩ፣ ሾፌሩ መሐል ላይ ብቻውን የሚቀመጥበት የውድድር መኪና ነው። ፎርሙላ 1፣ የአሜሪካው ኢንዲካር፣ የጃፓኑ ሱፐር ፎርሙላ ከላይ ናቸው፤ ፎርሙላ 3፣ ፎርሙላ ፎርድና ፎርሙላ ቪ ከታች። ሁሉም ዝቅ ያሉ፣ ቀላልና ሞተራቸው ከሾፌሩ ጀርባ የሆነ ናቸው። የቤት መኪና መሪው ሲዞር መጀመሪያ ጋደል ይላል፣ ከዚያ ይታጠፋል። ክፍት ጎማው ግን እጅ ገና ሲነቃነቅ አፍንጫውን ያዞራል። ጌሙ ይህችን ቅጽበት ካበላሸ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር አያድነውም።

ጌሙ ከባድ በሆነ ቁጥር ወደ እውነቱ ይቀርባል?

አይቀርብም። ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልዘግይበት።

የውድድር መኪና ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በአቅሙ ጫፍ ላይ እንዲነዳው ተብሎ የሚሠራ ነው። መሐንዲሶቹ ሌት ተቀን የሚለፉት ሾፌሩ የሚያምነው መኪና ለመሥራት ነው፤ ያላመነውን መኪና ማንም እስከ ጫፉ አይነዳውም። በየመታጠፊያው ሳይናገር የሚሽከረከር መኪና ለቡድኑ ኪሳራ ነው። እውነተኛ ጎማ ከመልቀቁ በፊት ይናገራል፤ መሪው እጅ ላይ ይቀልላል፣ የኋላው ጫፍ በወገብ በኩል ይሰማል፣ ድምፁም ይለወጣል። ሾፌሩ ሰምቶ ያርመዋል፣ ከዚያም ይቀጥላል።

ጌሙ የሚከብድባችሁ በሁለት ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የጌሙ ጥፋት አይደለም። ቤታችሁ ወንበር ላይ ስትቀመጡ ወገባችሁ ምንም አይሰማውም፤ የእውነተኛው ሾፌር ሰውነት መኪናው መሸሽ ሲጀምር የሚያገኘውን ማስጠንቀቂያ እናንተ በዓይናችሁ፣ ያውም ዘግይታችሁ ታገኙታላችሁ። ስሌቱ ትክክል ቢሆን እንኳ ከእውነቱ የከበደ ይሆናል። ሁለተኛው ግን የስሌት ጥፋት ነው፤ ጎማው ከጫፉ ሲያልፍ ቀስ ብሎ መሸሽ ሲገባው ከገደል እንደ ወደቀ ድንጋይ በአንዴ ይለቃል።

በአንድ ጌም ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ መታጠፊያ ላይ ስሽከረከር ከርሜ ነበር። ከሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ስሰጥ ኋላው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይዞር ነበር፤ እኔም እግሬን ጥፋተኛ አድርጌ ልምምዱን ቀጠልኩ። ከዚያ ተመሳሳይ መኪና፣ ያንኑ መታጠፊያ፣ በሌላ ጌም ሞከርኩ። ኋላው መንሸራተት ሲጀምር ተሰማኝ፣ መሪውን ጥቂት መለስኩት፣ መኪናውም አብሮኝ ተመለሰ። እጄም እግሬም ያው ነበሩ፤ የተለወጠው የጎማው ስሌት ብቻ ነበር።

ከመጠን በላይ የቀለለም እንዲሁ ሐሰት ነው። ፎርሙላ 1 ላይ የኋላ ጎማ እንዳይሽከረከር የሚቆጣጠር መሣሪያ ከ2008 ጀምሮ ተከልክሏል። ስለዚህ ማገዣውን አጥፍታችሁ፣ ከጠባብ መታጠፊያ በሁለተኛ ማርሽ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ረግጣችሁ መኪናው ቀጥ ብሎ ከወጣ ጌሙ አታልሏችኋል።

በዝግታ ስነዳው ይሸሻል፣ በፍጥነት ስነዳው ደግሞ መሬት ይቆነጥጣል። ስሕተት አይደለም?

ስሕተት አይደለም፤ እንዲያውም ጌሙ ደህና እንደ ሠራ ምልክት ነው። ክንፉና የመኪናው ወለል አየሩን ተጠቅመው መኪናውን ወደ መሬት ይጫኑታል። ይህ የአየር ጫና በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፦ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ጫና 200 ላይ አራት እጥፍ፣ 300 ላይ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። የዘመናችን ፎርሙላ 1 መኪና በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር አካባቢ የራሱን ክብደት የሚያህል ጫና እንደሚያገኝ ይነገራል። ክብደቱም በ2025 ደንብ ሾፌሩን ጨምሮ ከ800 ኪሎ ግራም አያንስም ነበር።

ስለዚህ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት የተለያዩ መኪኖችን ትነዳላችሁ። በጠባቡ መታጠፊያ ላይ ጎማው ብቻውን ነው፤ አየሩ አያግዘውም፣ የሞተሩ ኃይል ደግሞ ከአቅሙ በላይ ነው። በሰፊውና በፈጣኑ መታጠፊያ ላይ አየሩ ከላይ ይደፍቀዋል። ጀማሪ ፈጣን መታጠፊያ ላይ ፈርቶ እግሩን ሲያነሣ የሚያግዘውን ጫና በገዛ እጁ ይቀንሳል፤ ክብደቱም ወደ ፊት ስለሚሄድ ኋላው ይቀልላል። “ቀስ ብዬ እየነዳሁ ሳለ ለምን ተሽከረከርኩ?” ለሚለው ጥያቄ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ፍሬን ስረግጥ መጀመሪያ ጥሩ ይይዛል፤ መታጠፊያው ሲቃረብ ግን የፊት ጎማው ለምን ይታሰራል?

እግራችሁን ስለማታላሉ ነው። የጣሊያኑን የውድድር መንገድ ሞንዛን አስቡ። በዋናው ቀጥታ መንገድ መጨረሻ መኪናው በሰዓት ከ330 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ቺኬን (ግራና ቀኝ የሚጠማዘዝ ጠባብ መታጠፊያ) ደግሞ ወደ 80 ገደማ ካልወረዱ አያስገባም። እግር ከነዳጁ በተነሣበት ቅጽበት፣ ፍሬኑ ገና ሳይነካ፣ አየሩ ብቻውን መኪናውን 1 ጂ ያህል፣ ማለትም የራሱን ክብደት በሚያህል ኃይል፣ ወደ ኋላ ይይዘዋል። የቤት መኪና ደረቅ አስፋልት ላይ ባለ በሌለ ኃይሉ ፍሬን ሲይዝ የሚያገኘው ይህንኑ ያህል ነው። ከዚያ ፍሬኑ በሙሉ ኃይል ይረገጣል፤ አየሩ ጎማውን መሬት ላይ ደፍቆት ስላለ አይታሰርም፣ መቀነሱም ወደ 5 ጂ ይጠጋል።

ፍጥነቱ 200 ሲደርስ ግን ጫናው ከግማሽ በታች ወርዷል። 100 ሲደርስ መጀመሪያ ከነበረው አንድ አሥረኛ እንኳ አይቀርም። ያው የእግር ኃይል በ330 ልክ የነበረው በ150 ላይ ከመጠን በላይ ሆነ ማለት ነው፤ ጎማው መሽከርከሩን ያቆማል፣ ጭስ ይወጣል፣ መሪው አይታዘዝም። ፎርሙላ 1 ላይ ጎማ እንዳይታሰር የሚያደርገው ኤቢኤስ ከ1994 ጀምሮ ስለተከለከለ ሥራው የእግር ብቻ ነው። የመጀመሪያው ምት ኃይለኛና ፈጣን፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቀስ በቀስ መላላት ነው። ጥሩ ሾፌሮች ላላ ያለውን ፍሬን ይዘው ወደ መታጠፊያው ይገባሉ፤ ፊቱ ላይ ያለው ክብደት አፍንጫውን እንዲያዞርላቸው።

አንድን ጌም ለመፈተን የምጠቀምበት የመጀመሪያው መንገድም ይኸው ነው። ኤቢኤሱን አጥፍቼ ከሙሉ ፍጥነት እስከ መታጠፊያው ድረስ እግሬን ሳላላላ እረግጣለሁ። ጎማው ካልታሰረ የአየሩ ስሌት የይስሙላ ነው።

ጎማው እንዴት ነው የሚሰላው? ሰው ሁሉ ስለ ጎማ ስሌት የሚጨቃጨቀው ለምንድን ነው?

ምክንያቱም መኪናው ከመሬት ጋር የሚገናኘው በአራት ትናንሽ ቦታዎች ብቻ ነው፤ የሞተሩም፣ የክንፉም፣ የፍሬኑም ሥራ በእነዚያ በኩል ያልፋል።

ጎማ ሲታጠፍ የሚያይበት አቅጣጫና በእርግጥ የሚሄድበት አቅጣጫ አንድ አይደሉም፤ ላስቲኩ ስለሚጠማዘዝ በመካከላቸው ትንሽ ማዕዘን ይፈጠራል። ማዕዘኑ ከዜሮ ሲነሣ ጎማው መሬቱን የመያዝ ኃይሉ ይጨምራል፤ በውድድር ጎማ ላይ ጥቂት ዲግሪ ሲደርስ ጫፉን ይነካል፤ ከዚያ በኋላ ይቀንሳል። ፈጣን ሾፌር የሚኖረው በዚያ ጫፍ ላይ ነው። በኔዘርላንድ የዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ሃንስ ፓሴይካ ይህን ኩርባ በአንድ ቀመር ገለጹት። ቀመሩ ከተፈጥሮ ሕግ የወጣ ሳይሆን ከተለካው መረጃ ጋር እንዲገጥም የተበጀ ስለሆነ ባለሙያዎች “አስማታዊው ቀመር” ይሉታል። ብዙ ጌሞች ይህን ወይም የዚህን ዘመድ ይጠቀማሉ። አይሬሲንግና አርፋክተር 2 የተባሉት ጌሞች ደግሞ ከኩርባው ይልቅ ከላስቲኩ አሠራር ተነሥተው ለማስላት ይሞክራሉ።

ጭቅጭቁ የሚነሣው ከጫፉ ባሻገር ስላለው ክፍል ነው። እስከ ጫፉ ያለውን በቤተ ሙከራ መለካት ይቻላል። ከጫፉ አልፎ የሚንሸራተት ጎማ ግን ወዲያው ስለሚግልና ስለሚበላሽ መለካቱ በጣም ይከብዳል። የጌም ሠሪዎች እዚያ ጋ በግምት ይሞሉታል፤ ቀደም ሲል ያነሣሁት ከገደል የመውደቅ ጠባይም የሚመጣው ከዚህ ግምት ነው።

ሙቀቱ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የውድድር ጎማ በደንብ የሚሠራው 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን ነው፤ የላዩና የውስጡ ሙቀትም ይለያያል። አንድ መታጠፊያ ላይ ብትንሸራተቱ የላዩ ላስቲክ ይግላል፣ መያዙ ይቀንሳል፣ ቀጣዩ መታጠፊያ ላይ ደግሞ የባሰ ትንሸራተታላችሁ። ጥሩ ጌም ይህን ቂም ይይዛል። በሦስተኛው መታጠፊያ ያጠፋችሁት በአራተኛው ካልተከፈለ፣ ጎማው ከመሬት ጋር የተጣበቀ ቁጥር እንጂ ላስቲክ አይደለም።

ሌላ መኪና ተከትዬ ስገባ ፊቱ ለምን እምቢ ይለኛል?

ፊት ያለው መኪና አየሩን በጥብጦ ነው የሚተውላችሁ። ቀጥታ መንገድ ላይ ይህ ይጠቅማል፤ ወደ ኋላ የሚገፋችሁ አየር ስለሚሳሳ ፍጥነት ታገኛላችሁ። መታጠፊያ ላይ ግን የፊት ክንፋችሁ የሚሠራበትን አየር ስለሚያጣ መሪውን ብታዞሩም አፍንጫው ወደ ውጭ ይሄዳል። የ2022ቱ የፎርሙላ 1 ደንብ ጫናው በአብዛኛው ከወለሉ ሥር እንዲመጣ ያደረገው ይህን ችግር ለማቃለል ነበር። ስለዚህ የ2021 እና የ2022 መኪኖችን በአንድ ጌም ውስጥ ስታወዳድሩ በመከተል ጊዜ ልዩነት ካልተሰማችሁ ሠሪዎቹ ሥዕሉን ብቻ ነው የቀየሩት።

የየትኛው ጌም አነዳድ ወደ እውነቱ ይቀርባል?

ሁሉን የሚያሸንፍ የለም፤ የእኔን ፍርድ ግን ልንገራችሁ።

በ2008 የተከፈተው አይሬሲንግ ሰርኪዩቶቹን (የውድድር መንገዶቹን) በሌዘር ለክቶ ስለሚሠራ የአስፋልቱ እብጠት ሁሉ በቦታው ነው። ዝቅ ላለና ሞላው ለጠጠረ ክፍት ጎማ መኪና ደግሞ አስፋልቱ ራሱ የአነዳዱ ግማሽ ነው። የጣሊያኑ ኩኖስ በ2014 ያወጣው አሴቶ ኮርሳ ዛሬም የሚወደደው ጎማው በቀስታ ስለሚለቅና መሪው ግልጽ ስለሚናገር ነው። አርፋክተር 2 ጎማው ሲደክምና ሲሞቅ የሚለወጠውን ነገር ከማንም በላይ ያሳያል እላለሁ፤ ከኢንተርኔት ውጭ ያለው ጠባዩ ግን ሰው ያሰለቻል። የብራዚሉ ሬይዛ የሠራው አውቶሞቢሊስታ 2 ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያሉ የፎርሙላ ትውልዶችን ጎን ለጎን ለመንዳት ተወዳዳሪ የለውም።

ኮድማስተርስ የተባለው ኩባንያ የሚሠራቸው የፎርሙላ 1 ጌሞች ዓላማቸው ሌላ ነው። በጆይስቲክ የሚጫወተውንም፣ ስለ ማርሽ ምንም የማያውቀውንም ማስደሰት አለባቸው። በ2024 የወጣው እትም አዲስ የአነዳድ ስሌት ይዞ መጥቶ ነበር፤ ብዙ ተጫዋቾች አፍንጫው ከሚገባው በላይ ይታጠፋል ብለው ስላማረሩ ስሌቱ በማሻሻያ ተነካክቷል። ውድድሩን፣ ስትራቴጂውንና የሳምንቱን ድባብ ለመኖር ጥሩ ናቸው፤ የጎማ ትምህርት ለመማር ግን አልመርጣቸውም።

ሰዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። የፎርሙላ 1 ቡድኖች የመኪናቸውን የአየር መረጃ እንደ ዓይን ብሌን ይጠብቁታል፤ ስለዚህ ስሙና ቀለሙ እውነተኛ የሆነው መኪና በጌሙ ውስጥ በከፊል ግምት ነው። በአንጻሩ አይሬሲንግ ከውድድር መኪና ሠሪው ከዳላራ ጋር በመተባበር ለጌም ብቻ የፈጠረው አይአር-01 በየትኛውም ሰርኪዩት ሮጦ አያውቅም፤ ቁጥሩ ግን ከሥሩ ጀምሮ በእጃቸው ነው። እኔ ከስሙ ይልቅ ቁጥሩ የታወቀውን መንዳት ይሻለኛል።

ቡድኖቹ የሚጠቀሙበት ሲሙሌተር ከእኛው ጋር አንድ ነው?

ዘመዳሞች ናቸው። አርፋክተር ፕሮ የሚባለው የባለሙያዎች ሶፍትዌር የወጣው ከ2005ቱ አርፋክተር ጌም ሥር ሲሆን የፎርሙላ 1 ቡድኖችም ተጠቅመውበታል። ከ2009 ጀምሮ በውድድር ዘመን መካከል ልምምድ ማድረግ በእጅጉ ስለተገደበ ቡድኖቹ ፊታቸውን ወደ ሲሙሌተር አዞሩ። ልዩነቱ ውስጡ የሚገባው ቁጥር ነው፤ እነሱ የራሳቸውን መኪና ቁጥር ያስገባሉ፣ እኛ ያለን ግምቱ ነው።

ክንፍ የሌላቸው የድሮ መኪኖችስ?

ለእኔ የጎማን ጠባይ ለመረዳት ከእነሱ የተሻለ አስተማሪ የለም። ፎርሙላ 1 ላይ ክንፍ የመጣው በ1968 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሾፌሩ ጂም ክላርክ በኔዘርላንዱ ዛንድቮርት፣ መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ በተወዳደረበት ቀን ያሸነፈበት ሎተስ 49 ወደ 400 የፈረስ ጉልበት የሚጠጋ ሞተር፣ ቀጫጭን ጎማና ዜሮ ክንፍ ነበረው። ፓፒረስ የተባለው ኩባንያ በ1998 ያን የ1967 ዘመን ግራንድ ፕሪ ሌጀንድስ ብሎ ወደ ኮምፒውተር አመጣው፤ ከሠሪዎቹ አንዱ ዴቭ ኬመር በኋላ አይሬሲንግን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ።

እነዚህ መኪኖች መታጠፊያውን ሙሉ እየተንሸራተቱ ያልፉታል። አራቱም ጎማዎች ትንሽ ወደ ጎን ይሄዳሉ፣ መሪው ቀጥ ሊል ምንም አይቀረውም፣ አቅጣጫውን የምትይዙት በነዳጅ መስጫው ነው። ትንሽ ስትጨምሩ ኋላው ይወጣል፣ ስትቀንሱ አፍንጫው ወደ ውስጥ ይገባል። ይህን አንድ ጊዜ በእግራችሁ ጣት የተሰማችሁ ቀን የዘመኑ ባለ ክንፍ መኪና ምን እንደሚደብቅባችሁ ይገባችኋል።

መሪ መግዛት ግድ ነው? በጆይስቲክ አይሆንም?

መጫወት ይሆናል፤ አነዳዱን መመዘን ግን አይሆንም። የጆይስቲክ አውራ ጣት ከጥግ እስከ ጥግ በቅጽበት ስለሚሄድ ጌሙ መሐል ገብቶ ያለዝበዋል፤ በፍጥነት ላይ መሪው እንዳይዞር ይገድባል፣ አንዳንዱም በድብቅ ያርምላችኋል። እናንተ የምትነዱት መኪናውን ሳይሆን ያን አስታራቂ ነው።

ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ ከመሪው በፊት ፍሬኑን አስቡ። ርካሽ ፔዳል የሚለካው ምን ያህል እንደ ወረደ ነው፤ የተሻለው የሚለካው በምን ያህል ኃይል እንደ ተረገጠ ነው። እግራችን ርቀትን አያስታውስም፣ ኃይልን ግን ያስታውሳል። የፎርሙላ 1 ሾፌር ፍሬኑን ሲረግጥ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ኃይል ያሳርፋል፤ ቤት ውስጥ የዚህ ግማሽ እንኳ ወንበሩን ወደ ኋላ ስለሚገፋው ወንበሩን ከግድግዳ ጋር አስጠጉት።

የመሪውን የመዞሪያ መጠንም አስተካክሉ። የቤት መኪና መሪ ከጥግ እስከ ጥግ ሁለት ዙር ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ይዞራል፤ የፎርሙላ 1 መሪ ግን 360 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህን ሳያስተካክሉ ክፍት ጎማ መኪና ነድተው “ደነዘዘብኝ” የሚሉ ብዙ ናቸው።

መሪው ላይ የሚሰማኝ ኃይል የእውነተኛው መኪና ነው?

በከፊል። እውነተኛው መሪ የሚነግራችሁ የፊት ጎማዎቹን ሁኔታ ብቻ ነው፤ የኋላውን የምትሰሙት በወንበሩ ነው። አንዳንድ ጌሞች ወገባችሁ ያጣውን ለማካካስ የኋላውን መንሸራተት በመሪው ላይ ይደምሩታል። ሐቀኛ ነገር ነው እላለሁ፤ ሰው ሠራሽ ቢሆንም የጎደለውን መረጃ ይመልሳልና። የመሪው ክብደት ግን ከመኪና መኪና ይለያያል፤ ፎርሙላ 1 የመሪ ማገዣ አለው፣ ኢንዲካር የለውም። ስለዚህ የኢንዲካር መሪ ክንዳችሁን ቢያደክማችሁ ጌሙ ትክክል ነው።

ጌሙ ላይ ፈጣን የሆነ ሰው እውነተኛውን መኪና መንዳት ይችላል?

እጁና ዓይኑ ይችላሉ፤ አንገቱና ሆዱ መጀመሪያ መልመድ አለባቸው። በአይሬሲንግ የመጀመሪያ ዓመታት ማንም የማይደርስበት ፊንላንዳዊው ግሬገር ሁቱ አንድ ጊዜ አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ በሚገኘው ሮድ አትላንታ ስታር ማዝዳ በሚባል እውነተኛ ክፍት ጎማ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ነበር። መስመሩንና የፍሬን ቦታውን ያውቀው ስለነበር ያዩትን ሁሉ አስደነቀ። ሰውነቱ ግን ሙቀቱንና ጫናውን አልቻለውም።

ሰውነቱን ያሠለጠነው ደግሞ ርቆ ሄዷል። እንግሊዛዊው ጃን ማርደንቦሮ በ2011 ግራን ቱሪስሞ የተባለውን ጌም ተጫዋቾች ወደ ሾፌርነት ያሸጋገረውን ውድድር አሸንፎ፣ በ2014 በጀርመኑ ሆከንሃይም የጂፒ3 (ከፎርሙላ 1 በታች ያለ የወጣት ሾፌሮች ደረጃ) ውድድር አሸናፊ ሆነ። ቱርካዊው ጄም ቦሉክባሺ ከፎርሙላ 1 የኢስፖርት ውድድር ተነሥቶ በ2022 ፎርሙላ 2 ላይ ተሰልፏል። ጌሙ ላይ የሚነዳው መኪና ፍጹም ሐሰት ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች እዚያ ባልደረሱ ነበር።

ሜክሲኮ ሲቲ ላይ መኪናው ለምን እንደ ሌላው ቦታ መሬት አይቆነጥጥም?

ይህን ጥያቄ የአዲስ አበባ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። የሜክሲኮ ሲቲ ሰርኪዩት ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ብዙም አይለይም። አየሩ ከባሕር ወለሉ ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። ክንፉ የሚሠራበት አየር ስለሚያንስ ቡድኖቹ ትልቁን ክንፍ ገጥመውም በሞንዛ በትንሹ ክንፍ የሚያገኙትን የሚመስል ጫና ብቻ ያገኛሉ። ፍሬኑም እንደ ልብ አይቀዘቅዝም። የሚገፋ አየር ስላነሰ ደግሞ ቀጥታው መንገድ ላይ መኪናው ይበራል፤ ቫልተሪ ቦታስ በ2016 እዚያ ውድድር ላይ በሰዓት 372.5 ኪሎ ሜትር ነድቷል።

ጌም ለመመዘን ይህ ግሩም ፈተና ነው። ያንኑ መኪና በዚያው ክንፍ ሞንዛ ላይ፣ ከዚያ ሜክሲኮ ላይ ንዱት። ተመሳሳይ ፍጥነት ባላቸው መታጠፊያዎች ላይ ተመሳሳይ ስሜት ከሰጣችሁ ጌሙ ከፍታን አያውቅም።

በማስተካከያ መኪናውን ማዳን ይቻላል?

ጠባዩን መግራት ይቻላል። ኋላው ሲሸሽ የኋላውን ክንፍ መጨመር፣ ፍሬን ላይ ሲሽከረከር የፍሬኑን ኃይል ጥቂት ወደ ፊት ማምጣት፣ ነዳጅ ስትሰጡ ሲወጣ ዲፈረንሻሉን (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለውን) ማላላት የተለመዱ መነሻዎች ናቸው። የተሳሳተ የጎማ ስሌትን ግን ማንም ማስተካከያ አያድነውም። ከኢንተርኔት ያገኛችሁት “ፈጣን ማስተካከያ” በእውነተኛ መኪና የማይሆን የክንፍ ወይም የሞላ ቁጥር ካለው፣ የተጻፈው ለመኪናው ሳይሆን ለጌሙ ቀዳዳ ነው።

ከየትኛው መኪና ልጀምር?

ከፎርሙላ ፎርድ ወይም ከፎርሙላ ቪ። በ1967 በእንግሊዝ የተጀመረው ፎርሙላ ፎርድ 1600 ሲሲ ሞተርና የቤት መኪናን የሚመስል ጎማ አለው፣ ክንፍ የለውም። ኃይሉ ትንሽ ስለሆነ ስሕተታችሁ ሲፈጠር በዓይናችሁ ታዩታላችሁ፤ ፍጥነት ያጣችሁበትን መታጠፊያ ኃይል አይሸፍንላችሁም። እዚያ ሦስት ወር ከቆያችሁ በኋላ ወደ ፎርሙላ 3 እለፉ፣ አየሩን ተዋወቁ፤ ፎርሙላ 1 ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ኢንተርኔቴ ዘገምተኛ ነው። የመኪናዬን አነዳድ ያበላሸዋል?

የእናንተን መኪና አያበላሸውም። የጎማችሁና የአየሩ ስሌት የሚሠራው እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ ነው፤ አይሬሲንግ ለምሳሌ በሰከንድ 360 ጊዜ ያሰላዋል። በኢንተርኔቱ በኩል የሚመጣው የሌሎቹ መኪኖች ቦታ ነው፣ እሱም ዘግይቶ። ሰርቨሩ አውሮፓ ወይም አሜሪካ ሆኖ እናንተ አዲስ አበባ ስትሆኑ ጎናችሁ የምታዩት መኪና ከጥቂት ቅጽበት በፊት የነበረበትን ቦታ ነው የሚያሳያችሁ። ጎማቸው በተሸፈነ፣ ጣሪያ ባላቸው መኪኖች ውድድር ይህ የበር መነካካት ብቻ ነው። ክፍት ጎማ ላይ ግን ጎማ በጎማ ላይ ሲወጣ መኪናው ወደ ላይ ይነሣል። ስለዚህ ከሩቅ ከሚነዱ ሰዎች ጋር ስትሰለፉ ጎን ለጎን ስትገቡ ከወትሮው የአንድ ጎማ ስፋት ጨምራችሁ ቦታ ስጡ፤ በተለይ የመጀመሪያው ዙር የመጀመሪያ መታጠፊያ ላይ።